ቁልፍ ቁጥር ስልሳ አራት

ኪቦርዱ የእኔ አይደለም፣ ከአቶቴ ነው የተከራየሁት፤
አንድ ጥርሱ ወልቆ፣ በፕላስተር ያሰርኩት።
ሆዱ ውስጥ መቶ ምት አለ፣ ሁሉም በተራ ቁጥር፤
ዋልዝ፣ ታንጎ፣ ቦሌሮ፣ የማልደርስበት አገር።
የእኛን ፈለግሁ፤
ከአንድ እስከ መቶ በጣቴ ሄድሁ።
ፋሮ የለም፣ የወላይታ የለም፤
ፋብሪካው በዚህ በኩል አላለፈም።

ስልሳ አራት ላይ ግን «ሳምባ» ይላል።
እሱን ተጭኜ ፍጥነቱን እጨምራለሁ፣ እስኪያለከልክ፤
በአይበሉባዬ የሳጥኑን ጎን እደልቃለሁ፣ እንዳይስት ልክ።
ያኔ ሳምባው ወገቡን ይፈታል፣
ትከሻውን ይረሳል፣
የአረካ ልጅ ይመስላል።

አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቁልፍ ሙሽራ ሸኘሁ፣
አሥራ አንድ ዓመት በማላውቀው ሰው ላብ ልጅ አሳደግሁ።
የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁ።

ሐሙስ ዕለት ሞቢል ጋ፣ ዝናብ ባጃጁን ሲደበድብ፣
ጋቢሶ ስልኩን አወጣ፤ «ና እስቲ ጠጋ በል፣ ተሰብሰብ።»
ከተማ ነው፣ ሳልቫዶር ይሉታል፣ ብራዚል ውስጥ፤
ድንጋይ የተነጠፈ ቁልቁለት፣
ቤቶቹ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ የብርቱካን ልጣጭ።
ከላይ ከበሮ ይወርዳል። አንድ አይደለም፣ አሥር አይደለም፤
ጎርፍ ነው፣ ግራ ቀኙን እየላሰ የሚያዘግም።
የከበሮው ቀለም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።
«ባንዲራችንን ማን ሰጣቸው?» አለ ጋቢሶ፣ «እይ!»
ዝም አልኩ።
ስልሳ አራትን ለእኛ ማን ሰጠን ብዬ አሰብኩ።

ከፊት አንዲት ሴት አለች፣ ማንገቻው ትከሻዋን የላጠው፤
ዱላዋን ወደ ሰማይ ወረወረች፣
ቀና ሳትል ቀለበችው።
ጋቢሶ እሷን ብቻ መለሰ፣ መለሰ፣ ደግሞ መለሰ፣
ዳታው እስኪያልቅ፣ ተሳፋሪ «ታቦር!» እያለ እስኪደርስ።

ቅዳሜ የዓሣ ነጋዴው የሌዳሞ ልጅ ሰርግ ነው።
የሙሽራው ወገን ከሶዶ በአይሱዙ መጣ፣ አቧራ እንደለበሰ፤
ስልሳ አራትን ለኮስኩት፣ ድንኳኑ ታመሰ።
ከዚያ መብራት ሄደ።
በእኩለ ሌሊት፣ በጭፈራው እምብርት፤
ኪቦርዱ አንዴ ሲር ብሎ፣ ዝም።
ጣቶቼ አየር ላይ ቀሩ።
ከሐይቁ በኩል እንቁራሪቶች ብቻ ተሰሙ።

ከወጥ ቤቱ ደጅ ባዶ ጀሪካን ተናገረ።
ዱካሌ ናት፣ የሙሽራዋ አክስት፣
አሞራ ገደል በቀን ሁለት መቶ ቆሮሶ የምትገፍ።
ቢላ ባጠነከረው እጇ፣ በወጥ ማማሰያ፣
ያንኑ የእኔን ስልሳ አራት
ሳታዛንፍ መታችው።
ለካ ሰርግ ለሰርግ እኔ ስጫን
እሷ ስትሰበስብ ኖራለች።
ቀጥላ ያዝ አደረገችው፤ አዘገየችው፤
እንደ ታንኳ ወደ ራሷ ዳርቻ ሳበችው።
ሽማግሌዎቹ አወቁት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤
ፋሮ ሆነ።
የሶዶዎቹም አልተቀመጡ፣
ወገባቸውን ይዘው መሐል ገቡ፣
ማን የማን እንግዳ እንደሆነ ጠፋ።
ዱካሌ ማማሰያውን ወረወረች፤
ጨለማ ነው፣ ያየ የለም፤
መቅለቧን ያወቅነው
ምቱ ስላልጎደለ ነው።

መብራት መጣ። ኪቦርዱ ሁሉን ረስቶ
«ዜሮ ዜሮ አንድ» ይላል፣
እንደ አዲስ ተማሪ ትእዛዝ ይጠብቃል።
ዱካሌ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ዞር አለች፤
«ምን ታፈጣለህ? ተከተለኝ እንጂ» አለች።
ቁልፉን ሳልነካ፣ በባዶ ጣት ተከተልኳት፤
ሁለት ጊዜ ሳትኩ፣ በሦስተኛው ደረስኩባት።

እሑድ ጠዋት ኪቦርዱን ልመልስ በጋቢሶ ባጃጅ ሄድን።
ጉልበቴ ላይ ተኝቷል፣ ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ጥርሱን ያንቀጫቅጫል።
«እዚያስ» አልኩት፣ «ሳልቫዶር፣ መብራት ይጠፋል?»
ጋቢሶ አንድ ላም አሳልፎ፣ ማርሽ ቀይሮ፣
«ካርድ ሙላልኝና» አለ፣ «እናያለን።»